የቡችላ ወስፋትና የልጆቻችን ጤና
(የእድራችን የጤና ኮሚቴ በጠቅላላው ጉባኤ ላይ ያሰማው ንግግር)



እድር ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ንፍሮው ነው። ይሁን እንጂ የመሰባሰባችን ጥቅም ለሞተ ሰው ብቻ መሆን የለበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና፣ በሕይወት ያሉትን ልጆቻችንን ስለሚመለከት አንድ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ጉዳዩም የቡችላ ወስፋት ነው።

«ውሻ ከጥንት ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ውሻ ይጥፋ አንልም። ሌሊት ግቢያችንን የሚጠብቅልን እሱ ነው። የምንለው፣ በቡችላው ሆድ ውስጥ ያለውን እንወቅ ነው።

አብዛኛው ቡችላ ወስፋቱን ይዞ ይወለዳል ማለት ይቻላል። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝተው የቆዩ ጥቃቅን እጮች በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ይነቁና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይገባሉ። ከተወለደም በኋላ በጡት ወተት ይተላለፋሉ። ስለዚህ እናቲቱ ጤነኛ መስላ ብትታይም፣ ቡችሎቿ 3 ሳምንት ያህል ሲሆናቸው የወስፋት እንቁላል ከዓይነ ምድራቸው ጋር መጣል ይጀምራሉ። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን ከ100,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ይህ እንቁላል በዓይን አይታይም። ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ በልጆች እጅና ጥፍር፣ ባልታጠበ አትክልትም ወደ አፍ ይገባል። በሰው አንጀት ውስጥ ከተፈለፈለ በኋላ እጩ አንጀቱን በስቶ በደም አማካይነት ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አልፎ አልፎም ወደ ዓይን ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። ሲበረታ ግን ትኩሳት፣ ሳልና የሆድ ሕመም ያመጣል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ደግሞ ብርሃን እስከ መንሣት ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አንዱ ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ ሕፃኑ በሌላው እያየ ይጫወታል፤ ወላጅም ቶሎ አያውቅበትም።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የውሻ ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላል ስለማይጥል በሰገራ ምርመራ አይገኝም። ስለዚህ ልጅ ሲታመምብን፣ ሐኪሙ ባይጠይቀንም እንኳ፣ «ቤታችን ቡችላ አለ፤ ልጁም አፈር ይበላል» ብለን መናገር አለብን።

ደግነቱ፣ በትኩስ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው እንቁላል ወዲያው ሰውን አይዝም። አስቀድሞ አፈር ላይ 2 ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ከዚያ ወዲያ ግን ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ በረኪናም አይገድለውም። እንግዲህ ዋናው ሥራ የቀኑን በቀኑ ማንሣት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል፦

1ኛ/ የቡችላ ዓይነ ምድር በየቀኑ በአካፋ ተነሥቶ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል። የአትክልት ማዳበሪያ አይደረግ።

2ኛ/ ቡችላ 2 ሳምንት ሲሞላው የወስፋት መድኃኒት ይሰጠው፤ እስከ 8 ሳምንቱም በየ2 ሳምንቱ ይደገምለት። እናቲቱም አብራ ትውሰድ። መጠኑ በክብደት ስለሚለካ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ እንጂ፣ የሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት አይገባም።

3ኛ/ ልጆች ከቡችላ ጋር ተጫውተው ሲነሡና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ጫማም ያድርጉ፤ ሌላው የውሻ ትል፣ መንጠቆ ትል የሚባለው፣ በባዶ እግር ቆዳ ይገባልና።

4ኛ/ ባለቤት የሌላት ውሻ በእቃ ቤታችን ጥግ ወይም በመንገድ ዳር ብትወልድ ለኮሚቴው ይነገር። ቡችሎቹን በጆንያ ወስዶ መጣል ጭካኔ ከመሆኑም በላይ፣ ወስፋቱን ለጎረቤት ሠፈር ልጆች መላክ ነው።

ወገኖቻችን፣ ለድንኳንና ለወንበር የምናዋጣ ሰዎች ለቡችላ መድኃኒት ማዋጣት አያቅተንም። የጠፋ የልጅ ዓይን ግን በመዋጮ አይመለስም።