የሚክሰሩ ዋጋ፣ በመዝገባችንና በገበያው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

የሒሳብ ኮሚቴው በየዓመቱ እዚህ ሲቆም ወረቀት አድሎ፣ ገቢና ወጪ አንብቦ ይቀመጣል። ዘንድሮ ግን ከሪፖርቱ ውስጥ አንዷን መስመር ብቻ ይዘን ልናስረዳችሁ ፈቃድ ጠይቀናል። ባለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ «በዓይነት የተገኘ ንብረት፣ አናሎግ ሚክሰር፣ 40,000 ዶላር» የሚል ተጽፎ ነበር። ዘንድሮ ከዚያው ዕቃ የተገኘ ተብሎ የተጻፈው 1,860 ዶላር ነው። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ «ቀሪው ገንዘብ የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ገንዘቡ አልተሰረቀም፣ አልባከነም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ያልነበረውን ገንዘብ መዝገብ ላይ ያሰፈርነው እኛ ስለሆንን፣ ነገሩን መናገርም የእኛ ፈንታ ነው።

ዕቃውን የሰጡን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አባት ናቸው። ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ጠየቁን «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ጋሼ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት የሙዚቃ ስቱዲዮ ነበራቸው። የኪራይ ውላቸው ሲያልቅ፣ ጉልበታቸውም ሲደክም ስቱዲዮውን ዘጉ። ከውስጡ ትልቁን ዕቃ፣ 32 ቻናል ያለውን የእንግሊዝ ሥራ ሚክሰር፣ «ሸጣችሁ ለሴቶቹ ሥራ ማስጀመሪያ አድርጉት» ብለው ሰጡን።

ሚክሰር በየሠርጉ አዳራሽ ዲጄው ፊት ታዩታላችሁ። የስቱዲዮው ከዚያው ወገን ነው፤ ግን ከትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ይበልጣል፣ ለማንሳትም ብዙ ወንዶች ይፈልጋል። የዘፋኙ ድምፅ፣ ክራሩ፣ ከበሮው፣ ኪቦርዱ እያንዳንዱ በየራሱ ቻናል ይገባል። ባለሙያው የእያንዳንዱን ልክ በእጁ እያስተካከለ በመጨረሻ ግራና ቀኝ ሆኖ የምንሰማውን አንድ ዘፈን ያወጣል። አናሎግ የሚባለው ድምፁ በኮምፒውተር ቁጥር ሳይሆን በኤሌክትሪክ መልክ በሽቦና በዕቃዎቹ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው።

ጋሼ በ1990ዎቹ ሲገዙት 70,000 ዶላር ከፍለውበታል። «ዛሬ ቢያንስ 40 ሺህ ያወጣል» አሉን፤ እኛም 40,000 ብለን ጻፍን። በኮሌጅ ሒሳብ ተምረን በዲፕሎማ የተመረቅን፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው መዝገብ የምንይዝ ሴቶች፣ አንድም ገዢ ሳንጠይቅ ጻፍን። ሥራ አስፈጻሚው ደግሞ የእኛን ቁጥር አምኖ ለሦስት አባላት 9,000 ዶላር ፈቀደ። 1,700ው ለነርስ ረዳትነት ሥልጠና፣ 3,300ው በቤት ውስጥ ለሚከፈት የሕፃናት ማቆያ፣ 4,000ው ለእንጀራ ጋገራ ሥራ ነበር። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ለሦስቱም ተነገራቸው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደ ወደቀ ያጠናነው ከረፈደ በኋላ ነው። ያገኘነውን ግን ለሁላችንም ስለሚጠቅም እንንገራችሁ።

እነዚህ ዕቃዎች ድሮ ውድ የነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሩፐርት ኒቭ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ ያቋቋመው ኩባንያ በሚክሰሮቹ ስሙ ገነነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤስ ኤስ ኤል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ 4000 የሚባለውን ሚክሰር አወጣ፤ በ1980ዎቹ በየአገሩ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ ገባ። አዲሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። ስቱዲዮው ግን ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ለጌጥ አልነበረም። ዘፋኝና ባንድ አልበም ለመሥራት የግድ ወደ ስቱዲዮ መምጣትና በሰዓት መክፈል ነበረባቸው። ባለቤቱ በብድር ገዝቶም ቢሆን ዕዳውን በሰዓት ኪራዩ ይከፍል ነበር። የሚክሰሩን ዋጋ ተሸክሞት የነበረው ያ የሰዓት ኪራይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ፕሮ ቱልስ የሚባለው በኮምፒውተር ድምፅ መቅረጫና ማስተካከያ ገበያ ላይ ዋለ። ኮምፒውተር እየረከሰና እየጎለበተ ሲሄድ አልበም መኝታ ቤት ውስጥ መሥራት ተቻለ። በአናሎግ ሚክሰር አንዱን ዘፈን ትቶ ወደ ሌላው ለመሄድ የእያንዳንዷ ቁልፍ ቦታ መመዝገብ አለበት፤ ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሁሉንም እንደገና በእጅ መመለስ ሰዓታት ይፈጃል። በኮምፒውተር ግን ፋይሉን መክፈት ብቻ ነው። ቆይቶም የታወቁትን ሚክሰሮች ድምፅ የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች ከዕቃው ዋጋ ጋር በማይወዳደር ርካሽ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ።

ሥራው ሲቀንስ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሳይቀሩ መዘጋት ያዙ። በኒው ዮርክ ሂት ፋክተሪ የሚባለው በ2005፣ የሶኒ ሙዚቃ ስቱዲዮ በ2007 ተዘጉ። በካሊፎርኒያ ሳውንድ ሲቲ የተባለው በ2011 ለደንበኛ ሥራ መስጠት አቆመ። አንድ ስቱዲዮ ሲዘጋ አንድ ሚክሰር ለሽያጭ ይወጣል፤ በዚያው ልክ አንድ ገዢ ከገበያው ይጎድላል። እንዲህ እየሆነ ሻጩ በዛ፣ ገዢው አነሰ።

ገዢ ቢገኝም ወጪው ያስፈራዋል። አንድ ትልቅ ሚክሰር 2 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል። ማጥፋትና ማብራት ዕቃውን ይጎዳዋል ብለው ብዙዎች ሌት ተቀን አብርተው ይተዉታል፤ በወር 1,440 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሙቀቱን ለማብረድ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። በአንድ ቻናል 50 ቢኖሩ በ32 ቻናል 1,600 ይሆናሉ፤ አንድ በአንድ እየተነቀሉ በእጅ ይበየዳሉ። ያን የሚያውቅ ቴክኒሻን ደግሞ እየጠፋ ነው።

ሁሉም ወድቋል ማለት ግን አይደለም፤ እኛን ያሳሳተንም ይኸው ነው። ኒቭ በ1970 ያወጣው 1073 የሚባለው የድምፅ ማጉያ ክፍል እስከ ዛሬ ተፈላጊ ነው። ከአሮጌ ሚክሰሮች እየተነቀለ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ አንዳንዱ ሚክሰር ተበታትኖ ከሙሉው የበለጠ ያወጣል፤ በሬው በቅርጫ ተመድቦ ሲሸጥ ከነነፍሱ ከተገዛበት እንደሚበልጠው መሆኑ ነው። የሳውንድ ሲቲን የኒቭ ሚክሰር ደግሞ ዴቭ ግሮል የተባለው ታዋቂ ሙዚቀኛ ገዝቶት በ2013 ስለ ስቱዲዮው ፊልም ሠርቷል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው። እኛ ኢንተርኔት ላይ ያየነው የእነዚህን ዋጋ ነበር፤ ያውም የተጠየቀውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም። መርካቶ ያደግን ሰዎች ነጋዴ የጠራው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ እንዳልሆነ መርሳት አልነበረብንም። የጋሼ ሚክሰር ደህና ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ስመ ጥር አይደለም፣ ተነቅሎ ለብቻው የሚፈለግ ክፍልም የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ሒሳብ እንመለስ። በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው መጥቶ አየውና «8,000 ልስጥ፣ በራሴ መኪና ልውሰደው» አለ። 40,000 ብለን ለጻፍን ሰዎች ስድብ መሰለን፤ መልስ እንኳ አልሰጠነውም። ከዚያ ስቱዲዮው መለቀቅ ስላለበት ዕቃውን በ1,100 ዶላር አስጭነን ማከማቻ አስገባን። ማከማቻው በወር 240፣ ለ11 ወር 2,640 ሆነ። የመጣው ገዢ ሁሉ የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነበር፦ ይሠራል ወይ? ወረቀቶቹና ገመዶቹ ተሟልተዋል ወይ? ማን ነው የሚጭነው? የመጀመሪያውን ለመመለስ ቴክኒሻን ጠርተን 900 ከፈልን፤ አምስት ቻናል እንደማይሠራ ነገረን። በመጨረሻ በ6,500 ተሸጠ። ከዚያ ላይ 4,640 ወጪ ሲነሳ የቀረው 1,860 ነው። ያን ስምንት ሺህ ተቀብለን ቢሆን ኖሮ 6,140 ዶላር የበለጠ በእጃችን ይኖር ነበር። 33,500ው ኪሳራ አይደለም፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ነው። 6,140ው ግን እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ ያመጣውም የእኛ ኩራት ነው።

ሌላም ጥፋት ሠርተናል። ለጋሼ በሰጠነው የምስጋና ደብዳቤ ላይ «40,000 ዶላር የሚያወጣ» ብለን ጽፈን ነበር። ደግነቱ ግብራቸውን የሚሠራላቸው ሰው አስቆማቸው። በዚህ አገር ሕግ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው ተብሎ ከግብር የሚቀነስ እንዲህ ያለ የዕቃ ስጦታ ብቁ ገማች ሊገምተውና ፎርም 8283 ሊሞላለት ይገባል። ያ ፎርም ከተሞላ በኋላ ተቀባዩ ድርጅት ዕቃውን በሦስት ዓመት ውስጥ ቢሸጥ፣ የሸጠበትን ዋጋ በፎርም 8282 ያሳውቃል። እሳቸው 40,000 ብለው፣ እኛ 6,500 ብለን ብንጽፍ፣ ደግ ባደረጉልን አባት ላይ ምን እንደምናመጣ አስቡት። ደብዳቤውን መልሰን፣ ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ፣ ዋጋ የሌለው ደብዳቤ ሰጥተናቸዋል።

ሦስቱ እኅቶቻችንስ? የነርስ ረዳትነት ሥልጠናው ከሚክሰሩ ገንዘብ ተከፍሏል፤ እኅታችን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። የሕፃናት ማቆያው ከመጠባበቂያችን ተሰጠ፤ ግን በሰባት ወር ዘግይቶ። እኅታችን ልትከራየው የነበረው ቤት አምልጧት ነበር። «እናንተ ጠብቂ አላችሁኝ፤ የቤቱ ባለቤት ግን አይጠብቀኝም» ያለችን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። በሌላ ቤት ጀምራለች፤ ኪራዩ ግን ከፊተኛው ይበልጣል። የእንጀራ ጋገራው እስከ ዛሬ አልተከፈለም። እኅታችን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። በሰው ፊት ይቅርታ ልንጠይቃት ስለ ፈቀደችልን እናመሰግናታለን።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴው የሚሠራበትን ደንብ ለጉባኤው እናቀርባለን። የዕቃ ስጦታ ለብቻው በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ዋጋውም ቢያንስ ሁለት እውነተኛ ገዢዎች ተጠይቀው፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ተወስዶ ነው። ለሽያጭ የተሰጠን ዕቃ ከ60 ቀን በላይ ማከማቻ አይቀመጥም። በደረሰኝ ላይ የዕቃው ዓይነትና ብዛት እንጂ ዋጋ አይጻፍም። ለማንኛውም አባል ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ ቃል አይገባም።

ለጋሾቻችንም ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ደውሉልን። የሚቻላችሁ ከሆነ እናንተው ሸጣችሁ ገንዘቡን ስጡን። ስጦታ መናቃችን አይደለም፤ የማጓጓዣና የማከማቻ ወጪ ስጦታችሁን እንዳይበላው ነው። እናንተም እኅቶቻችን፣ የምግብ ቤት ዕቃ፣ የጸጉር ቤት ወንበር፣ የሥራ መኪና ስትገዙ «ባይሆን ሸጬ አወጣዋለሁ» አትበሉ። ዕቃው በየወሩ የሚያስገባላችሁን ቁጠሩ፤ ሲሸጥ የሚገኘውን ከምንም አታስገቡት።

ነገሩን ለጋሼ ለመንገር ሁለታችን ቤታቸው ሄደን ነበር። እትዬ ቡና እስኪያፈሉ አፋችንን ሳንከፍት ቆየን። ስንነግራቸው ግን ሳቁ። «እኔ በ70 የገዛሁትን ሰውየው በ150 ገዝቶት ነበር፤ ያኔም ዋጋው እየወረደ ነው» አሉን። ቀጥለውም «ሦስት ልጅ ኮሌጅ ያስገባሁት በእሱ ነው፤ የእኔ ሒሳብ ድሮ ተዘግቷል» አሉ። እኛ የተማርነው የእርጅና ተቀናሽ የሚባለው ሒሳብ ይኸው ነው። ዕቃው ዋጋውን ጋሼ ቤት ሠርቶ ጨርሶ ነበር፤ ለእኛ የደረሰን ትራፊው ነው፣ ለትራፊውም እናመሰግናለን።

የእኛ ሒሳብ ግን ገና አልተዘጋም። ለእንጀራ ጋገራው 4,000 ዶላር ይጎድላል፤ ከሚክሰሩ የተረፈው 160 ለእሱ ተይዟል። በመውጫው በር ላይ ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኝ ይዛ ቆማለች። የሚገባው ሁሉ በዚያው ቀን ባንክ ይገባል፤ ለእኅታችንም የምንነግራት የገባውን ያህል ብቻ ነው።