የአራዳ አዋጅና የዘመኑ ማስታወቂያ፤ ለንግድ ድርጅት በማኅበራዊ መገናኛ ስለ መጻፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባ ከተማ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የወሬ መገናኛ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ከመዛወሩ በፊት የከተማው ታላቅ ገበያ የሚቆመው በአራዳ ነበርና፣ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር ሰሚ የሚገኘው ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚያው ነበር። የአዋጅ አነጋገር ልማድ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ «ስማ! ስማ!» ብሎ ጆሮ ይጠራል፤ ቀጥሎ የሚባለውን ይናገራል፤ በመጨረሻም የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ አደራ ይላል።

የዛሬው ርእስ ምንም እንኳ የእጅ ስልክና የኢንተርኔት ዘመን ጉዳይ ቢሆን፣ መሠረቱ ከዚያ አይርቅም። በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ገጽ ወይም በቲክቶክ የሚወጣ የንግድ ማስታወቂያ የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ጆሮ ጠርቷልን? ነገሩን ተናግሯልን? ሰሚው ለሌላው ሊያሰማው ይችላልን?

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ይነሣል?

የፒያሳ ነጋዴ ለብዙ ዘመን በጽሑፍ መድከም አላስፈለገውም፤ ቦታው ራሱ ይናገርለት ነበር። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ፒያሳ ይወጣል፤ ከሱቅ ሱቅ እየተዘዋወረ በመስታወት ያያል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። አድራሻውም «ከሲኒማ ኢትዮጵያ ዝቅ ብሎ» ወይም «ሰባ ደረጃ አጠገብ» በማለት ያልቅ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮችም ተነሡ። ሱቅ ከቦታው ሲነሣ ሰሌዳው፣ ጎረቤቱና መለያ ምልክቱ አብረው ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ነጋዴውንና ደንበኛውን የሚያገናኘው በስልክ መስኮት ላይ የሚታየው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሱቁ በር ሆኗል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወርቅ ቤት ተዛወረ እንበል። ባለቤቱም እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ውድ ደንበኞቻችን! ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ፣ ዘመናዊና ልዩ ልዩ ጌጣጌጦችን በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ ቀርቧል። ይምጡ፣ ይጎብኙን!» ይህ ጽሑፍ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቀለበቷን ለጥገና ሰጥታ ሱቁ ፈርሶ ያገኘችው ደንበኛ ከዚህ ምን ታተርፋለች?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የመገናኛ ጥናት እንዳስረዳው፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ሊገምተው የሚችለው ቃል የሚያስተላልፈው ዕውቀት እጅግ ጥቂት ነው። «ውድ ደንበኞቻችን»፣ «ዘመናዊ»፣ «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉትን ቃላት አንባቢው ሳይነገሩት ያውቃቸዋል፤ ስለዚህም ዓይኑ ዘሏቸው ያልፋል። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፤ «ፒያሳ የነበረው ወርቅ ቤታችን ወደ አራት ኪሎ ተዛውሯል። ለጥገና የተሰጡን ጌጦች በሙሉ በእጃችን አሉ። ደረሰኝዎን ይዘው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይምጡ።» ከዚህ በታች የሕንጻው ስም፣ የፎቁ ቁጥርና ስልክ ይከተላል። ይህን የምታነብ ደንበኛ ሐሳቧ ያርፋል፤ ለጎረቤቷም ታስተላልፋለች።

ከዚህ ምሳሌ አራት መመሪያዎችን ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ዋናው ነገር ከፊት ይቅደም። ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመሮች በኋላ ስለሚደብቀው፣ በአምስተኛው መስመር ላይ የተቀመጠ አድራሻ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የቦታው ጥበት በአጭር የስልክ መልእክት ላይ ይበልጥ ይከፋል። በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነውና፣ ሰላምታው ራሱ ግማሹን ሊበላው ይችላል።

ሁለተኛ፣ መለኪያ ይኑረው። መሐንዲስ «ጠንካራ ምሰሶ» ብሎ ንድፍ አያስረክብም፤ ልኩን ይጽፋል። ነጋዴም «ጥራት ያለው ወርቅ» ከማለት ይልቅ «18 ካራት» ይበል፤ ይኸውም ከ24 እጅ 18ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። ዛሬ የተለመደው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል አጻጻፍ ጠያቂውን ያስቸግራል፤ መላሹንም ለመቶ ሰው አንዱን መልስ መቶ ጊዜ ያስጽፈዋል። የወርቅ ዋጋ በየቀኑ የሚለዋወጥ ቢሆን እንኳ ቀኑን ጠቅሶ መጻፍ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሆሄያት ይታሰብባቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ወደ ዩኒኮድ ሲገባ «ሠ» እና «ሰ» ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጣቸው። አንባቢ «ሠርግ»ንና «ሰርግ»ን አንድ አድርጎ ያነባል፤ መፈለጊያው ግን እንደ ሁለት ቃላት ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለዚህ የሠርግ ቀለበት ሻጭ አንዱን አጻጻፍ በጽሑፉ፣ ሌላውን በመለያ ቃሉ ውስጥ ቢያስገባ ፈላጊው አያጣውም።

አራተኛ፣ እውነት ይሁን። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉም ሌላ የገበያው ፍርድ አለ። ከሌላ አገር ገጽ የተወሰደ ፎቶግራፍ አይቶ የመጣ ገዢ ሱቁ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሲያገኝ ቅሬታውን የሚጽፈው ያው ማስታወቂያ በወጣበት ገጽ ሥር ነው። በአራዳ ገበያ የተታለለ ሰው ቅሬታውን ለጥቂት ሰዎች ይነግር ነበር፤ የዛሬው ቅሬታ ግን እንደ ማስታወቂያው ሁሉ ለሺዎች ይነበባል።

ይህ ሁሉ ሲባል የማኅበራዊ መገናኛ ጽሑፍ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ከወርቅ ቤት ደንበኞች መካከል ኢንተርኔት የማይጠቀሙ እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነርሱ የሚሻለው የደረሰኙን ቀሪ ገልጦ ስልክ መደወል ነው። ጥሩ ጸሐፊ ጽሑፉ የማይደርስበትን ቦታም ያውቃል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ቤት ሊፈርስ፣ ገበያ ሊዛወር ይችላል፤ ይህ በአራዳ የመጀመሪያ አይደለም። ነጋዴው ከፈረሰው ቤት ይዞት ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ሀብት የደንበኛው እምነት ነው። ይህም እምነት ዛሬ በጥቂት መስመሮች ሊጠበቅ ወይም ሊጠፋ ስለሚችል፣ መስመሮቹን የሚጽፍ ሁሉ ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብሎ፣ ቀለበቷን በአደራ የሰጠችውን ደንበኛ አስቦ ሊያነባቸው ይገባል።