የጡረታ መዋጮን ፍርድ ቤት ያስከፍላልን?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«መንግሥት የጡረታ መዋጮውን አልከፍልም ቢል፣ ፍርድ ቤት ያስከፍለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደመወዝተኛውንም ጡረተኛውንም ይመለከታል። በአሜሪካ ሁለት ግዛቶች የሆነውን ልንገራችሁ።

በኒው ጀርሲ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ሠራተኛው መዋጮውን እንዲጨምር፣ ግዛቱም የራሱን ድርሻ በየዓመቱ እያሳደገ እንዲከፍል አዘዘ። ሠራተኛው ከደመወዙ ተቆረጠበት። ግዛቱ ግን ለ2015 በጀት ዓመት መክፈል ከነበረበት 2.25 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1.57 ቢሊዮኑን አስቀረ። ማኅበራቱ ከሰሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 በ5 ለ2 ድምፅ ፈረደባቸው። ምክንያቱም በጀት መመደብ የሕግ አውጪውና የገዥው ሥራ ነው፤ ሕዝብ ድምፅ ያልሰጠበት እንዲህ ያለ ዕዳ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አይጸናም አለ።

በኢሊኖይ ነገሩ ሌላ ነው። የ1970 ሕገ መንግሥቱ የጡረታ ጥቅም አይቀነስም ይላል። በግንቦት 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቅሙን የቀነሰውን የ2013 ሕግ በሙሉ ድምፅ ሻረ። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት በ1998 መዋጮው ይሞላልን ብለው የከሰሱትን ሰዎች አልተቀበላቸውም።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። ጡረታው መብት ሊሆን ይችላል፤ ካዝናው ሙሉ እንዲሆን ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኛ በጀት አይመድብም። ስለዚህ ባለመብቱ «የዘንድሮው መዋጮ ገብቷል ወይ?» ብሎ በየዓመቱ፣ በጀት ከመጽደቁ በፊት መጠየቅ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።