የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሪዎች ዲጂታል ክህሎት

ለቤተ መጻሕፍት ሙያ የሚሠለጥን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያስፈልገው ዲጂታል ክህሎት፣ ስልክ ከመነካካትና ማኅበራዊ ሚዲያ ከመጠቀም የተለየ ነው። ወጣት ሁሉ ቴክኖሎጂ ያውቃል የሚለው ግምት በመጀመሪያዎቹ የካታሎግ ክፍለ ጊዜያት ይፈርሳል። ቴሌግራም ላይ ፋይል ለመላክ ማንም የማይቀድመው ተማሪ፣ አንድን መጽሐፍ ሌላ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው አድርጎ መዝግብ ሲባል ይቸገራል። ሙያው ያለው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የቤተ መጻሕፍት ሥራና ኮምፒዩተር በአንድ ጣሪያ ሥር ከዋሉ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን ሲከፍት፣ ሁለቱ አብረው መሰጠት ጀመሩ።

የክህሎቱ እምብርት ካታሎግ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው ማርክ የተባለው ቅጽ የመጽሐፉን መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መስኮች ይከፋፍላል፤ ደራሲው 100 ላይ፣ ርእሱ 245 ላይ ይገባል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሚመዘግብ ተማሪ ሦስት ወጥመዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ስሙ ነው። በመስክ 100 መነሻ ላይ ያለው አመልካች 0 ከሆነ ስሙ በግለሰቡ መጠሪያ፣ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም ይጀምራል። የውጭውን ልማድ ተከትሎ 1 የሚያስገባ ተማሪ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይጽፋል፤ መጽሐፉን የጻፉት አባትየው ይመስላሉ።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። ሐዲስ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ወይም በብዙኃኑ ኀ ቢጻፍ አንባቢ አይደናገርም። ኮምፒዩተር ግን የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ጀምሮ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር አለው፤ ሊኖረውም ይገባል፣ ያለዚያ የግእዝ ጽሑፍ በወጉ አይጻፍም ነበር። ጣጣው ፍለጋ ላይ ይመጣል። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ሁለቱን «ፀ»ና «ጸ»፣ «ሀ» ተብለው የሚነበቡትንም ስድስት ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) እያፈራረቀ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በአንዱ የፈለገ አንባቢ በሌላው የተመዘገበውን ሳያገኝ «መጽሐፉ የለም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው የስም መዝገብ ነው፦ አንዱ አጻጻፍ ዋና ሆኖ ይያዛል፣ የቀሩት ወደ እሱ እንዲመሩ ይደረጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ተማሪዎች የሚዘሉትም እሱን ነው።

ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። 1958 ያለ ማብራሪያ ቢገባ፣ ሥርዓቱ የጎርጎርዮሳውያን ዓመት አድርጎ ይወስደውና መጽሐፉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ተጽፎ፣ አጠገቡ በቅንፍ 1965 ወይም 1966 ይታከላል።

ካታሎጉ የሚቀመጥበት ሶፍትዌርም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒውዚላንድ የወጣው ኮሃ ነጻ በመሆኑ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። የሚሠራው በሊኑክስ ላይ ነው፣ ተማሪው ያደገው ግን በዊንዶውስ። በይነመረብ በሚቆራረጥበት፣ መብራትም በሚጠፋበት ግቢ፣ ሶፍትዌሩን በክፍሉ ሰርቨር ላይ መጫንና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የሙያው አካል ናቸው። ቅጂው በእርግጥ እንደሚሠራ መልሶ ጭኖ ያላየ ሰው፣ ቅጂ አለኝ ማለት አይችልም።

የመመረቂያ ጽሑፎችን ዲስፔስ በተባለው የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር ማስቀመጥ ሌላ ክህሎት ይጠይቃል። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ተነቦ ወደ ጽሑፍ ካልተለወጠ በውስጡ ያለ ቃል አይፈለግም። ከዚህ የሚከፋው የድሮ ዲጂታል ፋይል ነው። ዩኒኮድ ሳይለመድ ፓወር ግእዝ ወይም ቪዥዋል ግእዝ በተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ሆኖ ይታያል። ተማሪው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። በእርግጥ ግን ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የቀድሞውን አሠራር የሚያውቅ ሰው ወደ ዩኒኮድ ይለውጠዋል።

የጆርናሎች መረጃ ቋት ፍለጋ በአንጻሩ ቶሎ ይለመዳል። ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ብዙ ጽሑፎችን በነጻ ከሚያገኙ አገሮች አንዷ ናት፤ የሚጎድለው የይለፍ ቃሉ መኖሩን ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚያሳውቅ ሰው ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሌለ ጽሑፍ አስመስለው እንደሚጠቅሱ ስለታወቀ፣ የማጣቀሻውን መለያ ቁጥር ከምንጩ ማመሳከር አሁን ከፍለጋው ጋር አብሮ የሚሰጥ ትምህርት መሆን ይኖርበታል።

የአንባቢ ምስጢርም የሚጠበቀው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳየው መዝገብ የግል መረጃ ነው፤ በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ኮሃ ደግሞ የተመለሱ መጻሕፍትን ታሪክ ከተዋሰው ሰው ስም የሚለይበት ቅንብር አለው፤ ተማሪው የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚበራ ከመመረቁ በፊት በእጁ ሊሞክረው ይገባል።