ስለ ግቢያችን ጥድ



ከሥራ ስትመለሱ በደጃፋችሁ ያለው የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ ቢጫ፣ ውሎ አድሮም ቡናማ ሆኖ ያገኛችሁት እንደ ሆነ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ውኃ ጠምቶት ነው» ብሎ ወር ሙሉ ማታ ማታ ሲያጠጣው ከረመ። ዛፉ ግን ከመድረቅ አልዳነም፤ በመጨረሻም መጥረቢያ ተነሣበት። አባቱ የተከሉት ነበርና ሐዘኑ ቀላል አልነበረም። ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን፣ ሕመሙን ሳይመረምሩ መድኃኒት የመጀመር ጥፋት ነው።

ይህን ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው የጥድ ክሽክሽ ነው። በአፍሪካ ጥፋቱ ጐልቶ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ ኋላም ወደ አገራችን ተሻገረ። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ መልኩ ወደ ቡናማ ያደላ ነው። በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል።

ታዲያ ከውኃ ጥም በምን ይለያል? ቅርንጫፉን ገልጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ ድርቀቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ቅጠሉ እጅን እንደ ማር ያጣብቃል፤ ጥላሸት የመሰለ ነገር ይለብሳል፤ ጉንዳንም በግንዱ ላይ ይመላለሳል። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ ብታደርጉ፣ ተባዩ ረግፎ ይታያችኋል።

ሕክምናው ይህ ነው። በመጀመሪያ የደረቀውን ቈርጣችሁ አቃጥሉ። ቀጥሎ በጐማ ጠንካራ ውኃ ወደ ውስጥ ርጩበት። ከዚያም በ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሲበርድ ተባዩን እስኪያርስ ድረስ ንፉበት፤ በሳምንቱም ድገሙት። ዛፉን በበጋ ማጠጣት አቅም ይሰጠዋል፤ ተባዩን ግን አያባርርም። ኀይለኛ መርዝ ለመርጨት አትቸኵሉ፤ ክሽክሹን የምትበላውን ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ አብሮ ይፈጃልና። ዛፉ ረጅም ከሆነ የእርሻ ባለሙያ አማክሩ።

ከሁሉ በላይ ጊዜን አትርሱ። የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ ጨርሶ ከረገፈ አሮጌ እንጨት ላይ ዳግመኛ አያቈጠቍጥም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል። እንግዲህ በመጪው እሑድ ጥዳችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱ።