እርማትን መለመንና መታየትን መሻት
በወገል ጤና ከተማ የተደረገ ንግግር



አንድ መሐንዲስ ስለ ፊልም ድርሰት ሊናገር ሲነሣ ከመካከላችሁ የሚደነቅ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ግብዣውን የተቀበልሁት የድርሰት ሊቅ ነኝ በማለት አይደለም። በዚህች ከተማ ለመንገድ ሥራ በቆየሁባቸው ወራት ያዳመጥሁት አንድ ክርክር፣ ውሎ አድሮ ሳስበው፣ ደራስያንን ብቻ ሳይሆን እኛን መሐንዲሶችንም የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ማታ ሻይ ከምንጠጣበት ቤት ሦስት ወጣቶች ይመጡ ነበር። ሦስቱም የፊልም ድርሰት ይጽፋሉ። አንደኛው መምህር ነው። ድርሰቱን አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ስመ ጥር ባለሙያ ልኮ፣ «ጉድለቴን ይንገሩኝ» ሲል በደብዳቤ ለምኖ ነበር። ጓደኛው ይህን በሰማ ጊዜ፣ «አንተ የፈለግኸው ጉድለትህን ማወቅ አይደለም፤ ስምህን እንዲያውቁልህ ነው። ይህ ደግሞ ማታለል ነው» አለው። መምህሩም ተቆጥቶ፣ «ወገል ጤና ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው በየትኛው ሌላ በር ይግባ?» ሲል መለሰ። ሦስተኛዋ ወጣት ብዙ ከመናገር ተቆጥባ ከቆየች በኋላ፣ «እኔ ደግሞ አንብቤ ያልጨረስሁትን ድርሰት 'ግሩም ነው' ብዬ ጽፌአለሁ፤ ደራሲው የእኔን እንዲያነብልኝ ስለፈለግሁ» አለች። ከዚያም ሦስቱም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

በዚያች ምሽት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ልመልስ የምሞክረው ያንን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ለመምህሩ ጥያቄ ተገቢውን ክብር እንስጠው። ፊልም ከልብ ወለድ መጽሐፍ የሚለየው ደራሲው ብቻውን ሊፈጽመው የማይችል ሥራ በመሆኑ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ፣ ካሜራ የሚይዝ፣ የሚተውንና የሚያቀናብር ሰው ካልተገኘ ድርሰቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በአገራችን «ሂሩት አባቷ ማነው» ከተሠራበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ1966 ዓ.ም. የቀረበውን «ጉማ»ን ጨምሮ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ገንዘቡም መሣሪያውም ባለሙያውም በብዛት የተከማቹት በዋና ከተማችን ነው። ስለሆነም በደላንታ አምባ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ ወጣት መታየትን ቢሻ ትዕቢት ነው ልንለው አይገባም። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ በምርጥ የፊልም ድርሰት ተሸልሟል። ያ ድርሰት ማንም ሳያየው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ለማን ይጠቅም ነበር? ሊታይ የተጻፈን ነገር ለማሳየት መፈለግ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ነውሩ ከወዴት ነው? ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎረቤታችን ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ከመካከላችሁ ከእኔ የበለጠ የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ ሆኖም ለነገሬ የሚያስፈልገኝን ያህል ላስታውስ። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው ይወጣል። የቆጠረውንም ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። መምህሩ ቤቱ ሲጎድል፣ ምሥጢሩ ሲፋለስ፣ ሰዋስዉ ሲሳሳት ያርመዋል። ይህ «ነገራ» ይባላል። ተማሪው ከበቃ በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን፣ በማኅበረ ካህናቱ ፊት ቆሞ አዲሱን ቅኔ ያሰማል። ይህ «ዘረፋ» ይባላል።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አባቶቻችን ለሁለቱ ተግባሮች ሁለት ስም ሰጥተዋቸዋል። ነገራ ጉድለትን ለማወቅ ነው፤ ዘረፋ ሙላትን ለማሳየት ነው። በነገራ ጊዜ መታረም አያሳፍርም፤ ተማሪው የመጣው ለዚያ ነውና። በዘረፋ ጊዜ መደነቅን መሻትም አያሳፍርም፤ መድረኩ የተዘጋጀው ለዚያ ነውና። የሚያሳፍረው ለዘረፋ የመጣ ሰው «ለነገራ ነው የመጣሁት» ብሎ የየኔታን ጊዜ ሲወስድ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ሲታረም ይከፋዋል፤ ሲመሰገን ብቻ ደስ ይለዋል። የኔታም በሚቀጥለው ቀን ያን ያህል ተጨንቀው አያርሙትም። ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻም አይቀርም፤ ከበስተኋላው ተራውን የሚጠብቀው ተማሪ ሊያገኝ የሚገባውን ትዕግሥት ያጣል።

ስለዚህ ለሁለቱ ወጣቶች ክርክር የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው። መምህሩ መታየትን በመፈለጉ አልተሳሳተም። ጓደኛውም «ማታለል ነው» ሲል ፈጽሞ አልተሳሳተም። ስሕተቱ ያለው አንዱን በሌላው ስም በመጠየቁ ላይ ነው።

የሦስተኛዋ ወጣት ነገር ግን ከዚህ የከበደ ነው። ስለ እርሷ ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ መናገር ግዴታዬ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት በእያንዳንዱ ንድፍ ግርጌ ቢያንስ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ፤ «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» የሚል። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ባልደረባዬ የአንድ ደጋፊ ግንብ ንድፍ አምጥቶ እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ። ይህ ሰው ከዚያ ቀደም በአለቆቻችን ፊት የእኔን ሥራ አመስግኖልኝ ነበር። ንድፉን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ፈረምሁ። ስሌቱን እንደገና አልሠራሁትም፤ ዝርዝሩንም አልተመለከትሁም። ክረምት በገባ ጊዜ ግንቡ ወደ ፊት ዘመመ። ለካስ በንድፉ ላይ የውኃ መውጫ ቀዳዳ አልተሣለም ኖሯል። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ዝናቡን ጠጥቶ፣ ውኃው መውጫ በማጣቱ፣ ግንቡ ሊሸከም ያልተዘጋጀበትን ግፊት ጫነበት። በሰው ላይ አደጋ አለመድረሱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ግንቡ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ባልደረባዬ ተሳስቷል፤ እኔ ግን ዋሽቻለሁ። «አረጋግጫለሁ» ብዬ የፈረምሁት ያላረጋገጥሁትን ነውና።

«እከክልኝ ልከክልህ» የምንለው ይህንን ነው። ወጣቷ «ግሩም ነው» ብላ የጻፈችለት ደራሲ ድርሰቱን ይዞ ወደ አንድ አዘጋጅ ቢሄድ፣ ጉድለቱን በጓደኛ አንደበት በነፃ ሊሰማው ሲችል፣ ከባዕድ አንደበት በውርደት ይሰማዋል። ወይም ደግሞ ማንም ሳይነግረው ፊልሙ ይሠራና ጉድለቱን ተመልካች ይነግረዋል። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በላሊበላ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ፈልፍለው ያወጡት ጠራቢዎች ይህንን ችግር ከማንም በላይ ያውቁ እንደነበር እገምታለሁ። አንድ ዐምድ ካለ ቦታው ከተቆረጠ መልሶ መቀጠል አይቻልምና። የፊልም ድርሰትም የፊልሙ ንድፍ ነው። በወረቀት ላይ ሳለ አንድን ትዕይንት መሰረዝ የአንድ እስክርቢቶ ሥራ ነው። ካሜራ ከተነሣ በኋላ ግን ዋጋው የብዙ ሰው ድካምና ገንዘብ ነው። ስለዚህ በወረቀት ዘመን የሚሰጥ የሐሰት ምስጋና ስጦታ አይደለም፤ ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ዕዳ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጠያቂው ነው። ይሁን እንጂ አራሚውም ያለበት ግዴታ አለ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የዚህች ከተማ ስም ከኦፓል ማዕድን ጋር እየተያያዘ ይጠራል። ኦፓል የሚቆፍሩ ወንድሞቻችን አንድ ነገር በሚገባ ያውቃሉ፤ ድንጋዩን የሚገምተውና ድንጋዩን የሚገዛው አንድ ሰው ከሆነ፣ ግምቱ ወደ ማን እንደሚያደላ። የፊልም ድርሰትን የሚያርም ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ደራሲ ወይም አዘጋጅ ነው። «ደካማ ነው» ሲል እውነቱን ይሆናል፤ ሐሳቡን ወድዶትም ይሆናል። ደራሲው ይህን የሚለይበት ሚዛን የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ እንደ ተፈጠረና ግዙፍነት እንዳገኘ፣ መመዝገብ ሳያስፈልገው፣ ጥበቃ እንዲኖረው አድርጓል። ጥበቃውም ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ቃል ለቃል የተገለበጠ ንግግር በፍርድ ቤት ሊያስጠይቅ ይችላል። «በሁለት አምባዎች መካከል ስለ ተለያዩ ወንድማማቾች» የሚል ባዶ ሐሳብ ግን የማንም ንብረት አይደለም። ስለዚህ ሕግ በማይደርስበት በዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ጠባቂው የሙያ ሥነ ምግባር ብቻ ነው።

ይህ ፈተና በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ አማዞን ስቱዲዮስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ማንም ሰው ድርሰቱን እንዲያቀርብ በሩን ሲከፍት፣ አንዱ የሌላውን ድርሰት እያሻሻለ እንዲጽፍ ፈቅዶ ነበር። ድርጅቱም ቅድሚያ የመግዛት መብቱን ለ18 ወር ያለ ክፍያ ይዞ ይቆይ ነበር። ብዙ ደራስያን ስለ ተቃወሙት በ2012 ደንቡን ለማሻሻል ተገደደ። በዚያው ዓመት ብላክ ሊስት የተባለው ተቋም ደራሲው ከፍሎ ድርሰቱን የሚያስነብብበትን አገልግሎት ጀመረ። በክፍያ መነበብ ለድኻ ደራሲ ፍትሕ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቢያንስ ግን ስለ ምን እንደሚከፈልና ምን እንደሚገኝ በግልጽ ተነግሯል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለወጣቶቹ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ድርሰት ስትልኩ የምትሹትን በግልጽ ጻፉ። «እርማት እሻለሁ» ወይም «አዘጋጅ እሻለሁ» በሉ። ሁለቱንም ከሻችሁ ሁለቱንም ተናገሩ። የምትልኩበትን ቀን መዝግቡ፤ ቅጂውንም ከእናንተ ዘንድ አስቀሩ።

ሁለተኛ፤ ያላነበባችሁትን አታመስግኑ። «ጊዜ አላገኘሁም» የሚል ቃል ማንንም አይጎዳም። ስታርሙም ጉድለቱ ያለበትን ገጽ አመልክቱ። ምስጋናም ቢሆን ገጽ ያለው ምስጋና ይሁን።

ሦስተኛ፤ ይህ ለእኛ ለታላላቆች ነው። የጀማሪን ሥራ ለማረም የተቀበለ ሰው ተመሳሳይ ሥራ በእጁ ካለ ገና ከመግለጡ በፊት ይናገር። መልስ ለመስጠት የማይችል ከሆነም ዝም ከማለት «አልችልም» ብሎ ይጻፍ። ዝምታ ከሁሉም መልስ የከፋ መሆኑን ከወገል ጤና ሆኖ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ያውቀዋል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት፣ መንገድ ሠሪ እንደ መሆኔ፣ ስለ አንድ መንገድ ላንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በዋድላና በደላንታ ገደል ለገደል መንገድ አስጠርገዋል። ጥቂት ቆይቶ የናፒየር ሠራዊት የመጣባቸው በዚያው መንገድ ነው። መንገድ ለወዳጅ ብቻ አይከፈትም። ድርሰቱን ከእጁ የሚያወጣ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ አሳቢ አንባቢ ይመጣበታል፤ ቀማኛም ይመጣበት ይሆናል። ይህን ፈርቶ መንገድ አለመጥረግ ግን በአምባው ላይ ተቆልፎ መቅረት ነው።

መምህሩን ባለፈው ሳምንት አግኝቼው ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አልመጣለትም። ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፎ አሳየኝ። አጭር ነው። ድርሰቱን ማንበብ የሚሠራ ሰው እንደሚፈልግ፣ ገና መታረም እንዳለበትም እንደሚያውቅ፣ አንባቢው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ሊረዳው ቢችል እንኳ እንደሚያመሰግን ይናገራል። ከመላኩ በፊት ግን፣ «ጋሼ፣ ይህን እንኳ ያርሙልኝ» አለኝ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብሁት። አንድ ፊደል ብቻ ነበር የተሳሳተው፤ እርሱን አመለከትሁት።