የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!



እዚህ ሆሳዕና መናኸሪያ ዙሪያ በየሱቁ ግድግዳ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። በቀደም የገዛሁት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወጡ ሳይፈላ ቤቱን በጢስ ሞላው። ብመልሰው ባለሱቁ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ሌላ ዕቃ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ መብት ነው ይላል። ታዲያ ማን ያስፈጽመው?

በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሰሌዳውም ማኅተሙም ተለወጠ። ቢሮዎቹ በየከተማው ተበተኑ። ባለጉዳይ ቢሮ ፍለጋ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ባለሥልጣኑም ለስብሰባ ቤንዚን ያቃጥላል። ሁሉም የሚከፈለው ከኛው ኪስ ነው።

ጌቶቼ፣ ለመንግሥት ሰሌዳ ብር ከተገኘ፣ ሕግ የሚጥሰውን የሱቅ ጽሑፍ ለማስነሣት ስንት ይፈጃል? አንድ ተቆጣጣሪና ሁለት እግር ይበቃል!